ጎመን የሚል ፍርድ

አቶ ቢያድግልኝ ማኅደሩን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ፣
ከቤር ሸቫ ፀሐይ ሸሽቶ፣ ከአራት ቁጥር አውቶቡስ ወጣ።
ፊርማ ያለበት ደብዳቤ፦ በሠላሳ ቀን ልቀቅ፤
ቤቱ በእህትህ ስም ነበር፣ እህትህ ሞታለች፣ እወቅ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ኖሯል፣
መድኃኒቷን ቆጥሮ፣ እግሯን አሽቶ።
ይህን የሚል ወረቀት ግን የለም።
ማን ለወንድምነት ደረሰኝ ይቆርጣል?

ጠበቃ ኦስናት ከችሎት እስክትመለስ ሁለት ሰዓት አለኝ።
የፍርዶቹ ማከማቻ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣
ከዚያ ነጭ ሣጥን፣ ከዚያ ብልጭ የምትል ጭረት።
ያቺ ጭረት አትቸኩልም፤
ቃልህን ስጥ ብላ እንደምትጠብቅ ዳኛ ናት።

ጻፍኩ፦ ተከራይ። አብሮ ኗሪ።
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ አራት ውሳኔ።
ጻፍኩ፦ ወንድም። ስድስት መቶ።
ወንድም፣ ያለ ውል፣ ደቡብ። ዘጠና አንድ፤
ዐሥራ ሁለቱን አነበብኩ፤
ዐሥራ ሁለቱም ቤታቸውን ለቀዋል።

«አንዲት ሴት ነበረች» አለ፣ ሻዩን ሳይነካ፣
«እዚሁ ከተማ። ዳኛው ፈርዶላታል።»
«ስሟስ?» «አንጓች።»

አንጓች በዕብራይስጥ በስንት ዓይነት ይጻፋል?
በአሌፍ ጻፍኩት፤ በዓይን ጻፍኩት፤
መጨረሻዋን በጻዲ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤
አውሮፕላን ማረፊያ የሰጧትን ስም፣ ኢላናን ጨመርኩ።
«ይህን ማለትዎ ይሆን?» አለኝ ማሽኑ፣
አንድ የጎማ ነጋዴ ስም ጠርቶ።

ሕመም የተነሳበት ጉዳይ ነዋ፣ ስሟን ሰውረውታል።
በፍርዱ ገጽ ላይ እሷ እገሊት ናት።
እገሊት ከቤቶች ድርጅት ጋር። እገሌ ከእገሊት ጋር።
አገሩ ሁሉ እገሌ ሆኖ ፊቴ ተሰለፈ፤
ስም ያለው ዳኛው ብቻ።

«ዓመቱስ?» «ክረምት ነበር።»
«ዳኛውስ?» «መነጽር አለው።»
«ታዲያ ምን አለች ችሎት ፊት?»

ያኔ ሳቀ፤ ከገባ ጀምሮ የመጀመሪያው።
«ካሳ ወስደሽ ውጪ ሲሏት፣ ያውም ብዙ ብር፣
‹ጎመን በጤና› አለቻቸው።
አስተርጓሚው እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣
ቃል በቃል ገለበጠው።
ችሎቱ ጸጥ። እኛ ከኋላ አግዳሚ ላይ
አፋችንን በመዳፋችን ያዝን።»

ጣቶቼ ቀደሙኝ።
ከሕግ ቃል አንድም ሳልጨምር
በዕብራይስጥ ጻፍኩ፦ ጎመን። ጤና።
ብልጭ። ብልጭ።
አንድ ውጤት።

አንቀጽ ሃያ ሰባት፦
«እገሊት ስለ ካሳው ተጠይቃ
ስለ ጎመንና ስለ ጤና ተናገረች።
ፍርድ ቤቱ የጎመኑን ነገር አልተረዳም።
የተረዳው፣ ሴትዮዋ ከቤቱ በቀር የምትሻው እንደሌለ፣
ታማሚ እህቷንም እስከ መጨረሻ ያስታመመች እሷ መሆኗን ነው።
ውል ባይኖርም ኑሮ ነበረ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፣
አንዴ በዕብራይስጥ፣ አንዴ በኛ።
ዝም አለ። ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አለሰለሰው።

ማተሚያው እያቃሰተ ዘጠኝ ገጽ ተፋ።
«የትኛዋ ናት ጎመን?» አለኝ።
አሳየሁት፤ አራት ፊደል ናት።
ጥፍሩን ከሥሯ አሳርፎ ቆየ፣
ጉንዳን እንዳይረግጥ እንደሚጠነቀቅ ሰው።
«ትንሽ ናት» አለ።

ዛሬ ዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ይቀረናል።
የእሷ እህት ለእህት ነው፣ የእሱ ወንድም ለእህት፤
የድርጅቱ ጠበቃ ይህቺን ልዩነት አያልፋትም።

ቅጹ ላይ «የተፈለገበት ቃል» የሚል መስመር አለ።
ባዶ ተውኩት።
ኦስናት ስትመጣ ወንበር ስባ ትቀመጥ፤
ነገሩ ረጅም ነው፣ ከጎመን ይጀምራል።